የተቃጠለችው እጅ፦ የዶክተር ሂዴዮ ኖጉቺ ሕይወት ከሆሳዕና ሆነን ስናየው

በዚህች መጽሔታችን ላይ ስለ ታላላቅ ሰዎች ሲጻፍ አብዛኛውን ጊዜ የምናነበው ስለ ነገሥታት፣ ስለ አርበኞችና ስለ ደራስያን ነው። እኔ ዛሬ ይዤላችሁ የቀረብኩት ግን የአንድ ጃፓናዊ ሐኪም ታሪክ ነው። ጃፓንና ሆሳዕናን ደግሞ ምን አገናኛቸው ትሉኝ ይሆናል። እኔም መጀመሪያ ላይ እንደዚያው ነበር ያልኩት። ነገሩ እንዲህ ነው።

አጎቴ አዲስ አበባ ውስጥ ሾፌር ነበር። አንድ ጊዜ የጃፓን እንግዶችን ይዞ ሲዞር ሰንብቶ፣ ሲለያዩ አንደኛው እንግዳ ለማስታወሻ ብሎ አንዲት የአገሩን የወረቀት ገንዘብ ሰጠው፤ አንድ ሺህ የን ናት። አጎቴ አልመነዘራትም። መጽሐፍ ቅዱሱ ውስጥ አድርጎ ለያሆዴ በዓል አገር ቤት ሲመጣ አሳየን። በወረቀቷ ላይ ፀጉሩ የተንጨባረረ፣ ጢሙ የተስተካከለ፣ ቆፍጠን ያለ ሰውዬ ተስሏል። እኔ ንጉሣቸው መስሎኝ ነበር። አጎቴ ግን እንግዳው ያስረዳውን ነገረን፤ ሰውየው ሐኪም ነው፣ የድሃ ገበሬ ልጅ ነው፣ ሕፃን ሳለ ምድጃ ውስጥ ወድቆ ግራ እጁ ተቃጥሎ ነበር። ይህን ሲል ቤቱ ጸጥ አለ። ሁላችንም ዞር ብለን ያየነው ታናሽ ወንድሜን ነበር።

ወንድሜ ምድጃ ውስጥ የወደቀው ሁለት ዓመት ሳይሞላው ነው። እናቴ ውኃ ልትቀዳ ወጥታ ነበር፤ የምጠብቀው እኔ ነበርኩ። ለትንሽ ጊዜ ብዬ ወደ ጓሮ ዞር አልኩ፤ ጩኸቱን ሰምቼ ስመለስ ቀኝ እጁ ፍሙ ውስጥ ነበር። ጎረቤት ተሰበሰበ፤ አንዱ ሊጥ አለ፣ አንዱ ጭቃ አለ፣ ሁሉም ተቀባ። ቁስሉ ከብዙ ጊዜ በኋላ ዳነ፤ ጣቶቹ ግን እርስ በርሳቸው ተጣብቀው ወደ መዳፉ ታጥፈው ቀሩ። ቤታችን ውስጥ ማንም በዚህ ጉዳይ ወቅሶኝ አያውቅም። እኔ ግን ራሴን ሳልወቅስ የዋልኩበት ቀን የለም ማለት እችላለሁ።

ወደ ጤና ትምህርት ከገባሁ በኋላ የዚያን ሰው ታሪክ ፈልጌ ማንበብ ጀመርኩ። ለካ አጎቴ የነገረን ግማሹን ብቻ ኖሯል። ያልሰማነው ሌላው ግማሽ፣ ይህ ታላቅ ሰው ክፉኛ የተሳሳተ መሆኑ ነው። ለእኛ ለጤና ተማሪዎች የሚበጀን ሁለቱንም ግማሽ አብሮ ማወቅ ነው ብዬ ስለማምን ነው ብዕሬን ያነሣሁት። በጽሑፉ ውስጥ የሚገኙት ዓመታት በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር መሆናቸውን በቅድሚያ ላሳስብ እወዳለሁ።

ምድጃው

ኖጉቺ የተወለደው ኖቬምበር 9 ቀን 1876 ነው። አገሩ በሰሜን ምሥራቅ ጃፓን በፉኩሺማ ግዛት፣ በኢናዋሺሮ ሐይቅ አጠገብ፣ ባንዳይ ከሚባል ተራራ ሥር የምትገኝ የገበሬዎች መንደር ናት። ክረምቱ በረዶ ነው። ወላጆቹ ያወጡለት ስም ሴይሳኩ ሲሆን፣ ሂዴዮ የተባለው ኋላ ነው። አባቱ መጠጥ የሚወድና ለቤቱ ብዙም የማይተርፍ ሰው ነበር። ቤቱን የተሸከመችው እናቱ ሺካ ናት። ቀን እርሻ ላይ ትውላለች፣ የሰው ሸክም ተሸክማ ታድራለች፣ ልጅ ታሳድጋለች። በኋላም አዋላጅ ሆና ሠርታለች።

በዚያን ጊዜ የጃፓን ገበሬ ቤት መካከል ላይ ወለሉ አራት ማዕዘን ሆኖ ተቆርጦ እሳት ይነድበታል። ኢሮሪ ይሉታል። ድስቱ ከጣሪያ በወረደ መንጠቆ ላይ ይንጠለጠላል፤ ቤተሰቡ ዙሪያውን ተቀምጦ ይበላል፣ ይሞቃል። በእኛ በሀዲያና በከምባታ ጎጆ ውስጥ ያለውን ምድጃ ለሚያውቅ ሰው ይህ ሩቅ አገር አይመስለውም። የእኛ በሦስት ጉልቻ ላይ ነው፣ የእነሱ ጉድጓድ ውስጥ ነው፤ ልዩነቱ ይኸው ነው። ዳዴ ለሚል ሕፃን ሁለቱም አንድ ናቸው። ሴይሳኩ በ1878 አንድ ዓመት ተኩል ገደማ ሲሆነው እናቱ ለሥራ ወጣ ባለችበት ሰዓት እሳቱ ውስጥ ወደቀ። በአቅራቢያው የሚያክም ሐኪም አልነበረም። ግራ እጁ ሲድን ጣቶቹ ተጣብቀው እንደ ጡጫ ሆኑ።

ይህ ለምን እንደሚሆን በክፍል ተምረነዋል። ጠለቅ ያለ ቃጠሎ ሲድን ጠባሳው እየተኮማተረ ይመጣል። ጣቶች በየራሳቸው ካልተጠቀለሉ፣ እጁም ተዘርግቶ ካልታሰረና በጊዜው እንቅስቃሴ ካልተሠራ፣ ቆዳው ከቆዳ ጋር ይጣበቃል፣ መገጣጠሚያውም ታጥፎ ይደርቃል። የመጀመሪያው እርዳታ ደግሞ ቀላል ነበር፤ ንጹሕና ቀዝቃዛ ውኃ ለ20 ደቂቃ ያህል ማፍሰስ፣ በንጹሕ ጨርቅ መሸፈን፣ ከዚያ ወደ ጤና ተቋም መውሰድ። ሊጥ፣ ጭቃ፣ ቅቤ፣ የጥርስ ሳሙና አይቀባም። ይህን ስማር መምህሩን ማየት አቅቶኝ ደብተሬ ላይ አቀርቅሬ ነበር። ውኃው እኮ ቤታችን ነበር! እናቴ ይዛው ትመጣ ነበር።

የብዙ ሰው እጅ

ሺካ ልጇ መቆፈሪያ መያዝ እንደማይችል ስታውቅ በትምህርት እንዲኖር ወሰነች። የጎረቤት ልጆች በእጁ እያሾፉ ቢያስቸግሩትም ትምህርቱን አልተወም። በ1889 ኮባያሺ ሳካኤ የሚባሉ መምህር ጎበዝነቱን አይተው ወደ ከፍተኛው የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እንዲገባ ረዱት። እዚያም ስለ እጁና ስለደረሰበት ሐዘን አንድ ድርሰት ጻፈ። ድርሰቱ መምህራኑንና የክፍል ጓደኞቹን አስለቀሰ፤ ማልቀስ ብቻ ሳይሆን ገንዘብ አዋጡለት። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ የሚባለው እንዲህ ያለው ነው።

በተዋጣው ገንዘብ በ1892 አይዙ ዋካማትሱ በምትባለው ከተማ አሜሪካ የተማሩ ዋታናቤ የሚባሉ ሐኪም እጁን ቀደው ጣቶቹን አላቀቁለት። እጁ እንደ ጤነኛ ሰው እጅ አልሆነም፤ ግን ዕቃ መያዝ ቻለ። ልጁም ያን ጊዜ ሐኪም ለመሆን ወሰነ። ከዚያው ሐኪም ዘንድ ተቀጥሮ እየሠራ ሕክምናና የውጭ ቋንቋ አጠና። በ1896 ወደ ቶኪዮ ሲሄድ ያሰበውን ሳይፈጽም ወደ ቤቱ እንደማይመለስ በቤታቸው ምሰሶ ላይ ቀርጾ ጻፈ። ቤቱ ከነምሰሶው ተጠብቆ ዛሬም ይጎበኛል።

በዚያን ዘመን ጃፓን ውስጥ ዩኒቨርሲቲ ያልገባ ሰውም የመንግሥትን የሕክምና ፈተና ካለፈ ፈቃድ ያገኝ ነበር። ኖጉቺ የመጀመሪያውን ክፍል በ1896፣ ሁለተኛውን በ1897 አለፈ። ሃያ ዓመቱ ነበር። ቶኪዮ ውስጥ የጥርስ ሐኪም የሆኑት ቺዋኪ ሞሪኖሱኬ ማደሪያውንና ትምህርቱን ችለውለታል። የሕመምተኛ ፊት እጁን ማሳየት ስለከበደው ግን መርማሪ ሐኪም ከመሆን ይልቅ ፊቱን ወደ ላቦራቶሪ አዞረ።

እዚህ ላይ ድካሙን መደበቅ አይገባም። ኖጉቺ ገንዘብ አያያዝ አያውቅም ነበር። ሰው ለትምህርትና ለመንገድ የሰጠውን በግብዣና በመጠጥ የሚጨርስባቸው ጊዜያት ነበሩ፤ ደጋጎቹ ሰዎች በተለይም ቺዋኪ ተበድረው ይሸፍኑለታል። በ1898 ስሙን ወደ ሂዴዮ የቀየረውም፣ አንድ ታዋቂ ልብ ወለድ ውስጥ ስሙ የእሱን የሚመስል ዋልጌ የሕክምና ተማሪ ስላጋጠመው ነው። በመጽሐፉ ውስጥ ራሱን አይቶ ደነገጠ ማለት ነው።

ስደቱ

በዚያው ዓመት ታዋቂው ኪታሳቶ ሺባሳቡሮ ይመሩት ወደነበረው የተላላፊ በሽታዎች ምርምር ተቋም ገባ። በ1899 በዮኮሃማ ወደብ የመርከብ ተቆጣጣሪ ሐኪም ሆኖ ሲሠራ የቸነፈር (የፕላግ) ሕመምተኛ ለይቶ አገኘ። ቀጥሎም ቸነፈር ወደገባባት ቻይና ተላከ። በ1900 መጨረሻ ደግሞ ቶኪዮ ላይ የተዋወቀውን አሜሪካዊ ሐኪም ሳይመን ፍሌክስነርን ተማምኖ፣ የሚጠብቀው ሥራ ሳይኖር ፊላደልፊያ ከተፍ አለ። ፍሌክስነር የእባብ መርዝ ጥናት ላይ አሰማራው። ከዴንማርክ የአንድ ዓመት ጥናት በኋላ በ1904 ኒውዮርክ በሚገኘው በሮክፌለር የሕክምና ምርምር ተቋም ተቀጠረ። እንቅልፍ አያውቅም ይባል ነበር፤ ላቦራቶሪው ውስጥ እያደረ ይሠራል።

ትልቁና እስከ ዛሬ ያልተሻረው ሥራው በ1913 የተገኘው ነው። በዘመኑ የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታሎች ሽባ እያደረገ አእምሮን የሚያቃውስ በሽታ ባላቸው ሰዎች የተሞሉ ነበሩ። ኖጉቺ ከሥራ ባልደረባው ጋር የሟቾቹን አንጎል በማይክሮስኮፕ ሲመረምር የቂጥኝን ተሕዋስ እዚያው አንጎል ውስጥ አገኘው። አእምሮ የሚነሣ ሕመም የሚታይ ምክንያት እንዳለው በማያሻማ መንገድ ታየ። በየገጠሩ የአእምሮ ሕመምተኛ ሲታሰር ላየን ሰዎች ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

እናቱ ግን ይህን ሁሉ ዝና ከሩቅ ነው የምትሰማው። ሺካ ፊደል ያልቆጠረች ሴት ነበረች። ሸምግላ በ1912 ግን እንደምንም ብላ በተጣመመ ፊደል በገዛ እጇ ደብዳቤ ጻፈችለት፤ ቶሎ እንዲመጣና ዓይኑን እንድታየው የሚለምን ደብዳቤ ነው። ይህን ሳነብ ሆሳዕና፣ ዱራሜ፣ ሾኔና አንጋጫ ያሉ እናቶች ታወሱኝ። ከእኛ አካባቢ ስንቱ ወጣት ነው ደቡብ አፍሪካ የሄደው! ቤቱ በብሎኬት ይሠራል፣ ቆርቆሮው ያብለጨልጫል፤ እናት ግን ስልክ ጨብጣ ደጃፍ ላይ ናት። ጤንነት ሲባል የሰውነት ብቻ አይደለም ብለው መምህሮቻችን የሚያስተምሩን ይህንንም ይጨምራል መሰለኝ።

ኖጉቺ ከአሥራ አምስት ዓመት በኋላ በ1915 ተመልሶ እናቱን አየ። ከጃፓን አካዳሚም የንጉሠ ነገሥቱን ሽልማት ተቀበለ። እናቱን፣ መምህሩንና ቺዋኪን አስከትሎ አገር አሳያቸው። ከዚያ ተመልሶ ሄደ፤ ጃፓንን ዳግመኛ አላያትም። ሺካ በ1918 ዓለምን ባዳረሰው ኢንፍሉዌንዛ ሞተች። ያው በሽታ ነው በዚያው ኅዳር አዲስ አበባን የፈጀው፤ እኛ የኅዳር በሽታ የምንለው፣ እስከ ዛሬም ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ እያቃጠልን የምናስታውሰው። የኢናዋሺሮዋ ባልቴትና የአዲስ አበባ ሰው በአንድ ወረርሽኝ ሄዱ።

ስህተቱ

አሁን ወደ ከባዱ ክፍል እገባለሁ። ኖጉቺ ለቂጥኝ ምርመራ የሚሆን በቆዳ ላይ የሚሰጥ መርፌ ሠርቶ ነበር። ይህን በ1911 እና በ1912 የሞከረው በሕሙማን ብቻ ሳይሆን ቂጥኝ በሌለባቸው ሰዎችና በወላጅ አልባ ሕፃናትም ላይ ነው። ፈቃዳቸውን የጠየቀ አልነበረም። ነገሩ አሜሪካ ውስጥ ብዙ ቁጣ አስነሣ። ዛሬ በክፍል ውስጥ የሕሙማን ፈቃድ የሚባለውን ስንማር እንዲህ ያሉ ታሪኮች ከኋላው እንዳሉ ማወቅ አለብን።

ትልቁ ስህተት ግን የቢጫ ወባው ነው። በስሙ እንዳትሳሳቱ፤ ቢጫ ወባ ከተራው ወባ ጋር አይገናኝም። በቫይረስ የሚመጣ፣ በትንኝ የሚተላለፍ፣ ዓይንን ቢጫ የሚያደርግና ሲከፋም ደም የሚያስተፋ በሽታ ነው። በ1918 ኖጉቺ ወደ ኢኳዶር፣ ጓያኪል ወደምትባል የወደብ ከተማ ተላከ። በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከሕሙማን ደም ጠምዛዛ ባክቴሪያ አገኘና የቢጫ ወባ መነሻ ይኸው ነው ብሎ አወጀ፤ ሌፕቶስፓይራ ኢክቴሮይደስ ብሎም ሰየመው። ከዚያ ክትባት ተሠራ። ክትባቱም በላቲን አሜሪካ አገሮች ለዓመታት ሲሰጥ ቆየ። ሕዝቡ ተከተብኩ ብሎ ተማመነ። ክትባቱ ግን ከቢጫ ወባ አያድንም ነበር።

እንዴት ተሳሳተ? በአይጥ ሽንት የሚተላለፍ የዋይል በሽታ የሚባል ሕመም አለ፤ እሱም ትኩሳት አምጥቶ ዓይንን ቢጫ ያደርጋል። መነሻው ሌፕቶስፓይራ መሆኑን ያገኙት እንዲያውም የኖጉቺ የአገር ልጆች ጃፓናውያን ናቸው። ኖጉቺ ያያቸው አንዳንድ ሕሙማን የዋይል በሽታ የያዛቸው ነበሩ ማለት ነው። ሁለቱን በሽታዎች አምታታ። በ1926 ማክስ ታይለርና ሴላርድስ የተባሉ ተመራማሪዎች የኖጉቺ ተሕዋስና የዋይል በሽታ ተሕዋስ አንድ መሆናቸውን አሳዩ። በ1927 ደግሞ በምዕራብ አፍሪካ የሚሠሩት አድሪያን ስቶክስና ጓደኞቹ እውነተኛው መነሻ ባክቴሪያ የማያሳልፈውን ማጣሪያ የሚያልፍ ቫይረስ መሆኑን በዝንጀሮ አረጋገጡ። ስቶክስ ራሱ በዚያው በሽታ ሞተ።

ኖጉቺ በዚህ ጊዜ ምን አደረገ? ልክ ነኝ ብሎ ኒውዮርክ ተቀምጦ መጻፍ ይችል ነበር። እሱ ግን ራሱ ሄዶ ለማየት ቆረጠ። ኖቬምበር 1927 ጎልድ ኮስት ትባል በነበረችው በዛሬዋ ጋና፣ አክራ ደረሰ። እንደ ልማዱ ሌሊቱን ሁሉ እየሠራ ያን የራሱን ተሕዋስ ቢፈልግ ቢፈልግ አላገኘውም። ሊመለስ ሲዘጋጅ ታመመ፤ ሜይ 21 ቀን 1928 በቢጫ ወባ ሞተ። ዕድሜው 51 ነበር። ላቦራቶሪውን የሰጠውና አስከሬኑን የመረመረው እንግሊዛዊው ዶክተር ያንግም በዚያው በሽታ ከቀናት በኋላ ተከተለው። ኖጉቺ የተቀበረው ኒውዮርክ ነው።

ብዙ ቆይቼ ያስተዋልኩት አንድ ነገር አለ። የዚህ ሰው እጅ የተፈታችው በብዙ ሰዎች እጅ ነው። እናት፣ መምህር፣ የክፍል ጓደኛ፣ ሐኪም፣ የጥርስ ሐኪም ሁሉም አለበት። የተሳሳተው ደግሞ ብቻውን፣ በችኮላ፣ ሌላ ሰው ደግሞ እስኪያረጋግጥለት ሳይጠብቅ ሲሠራ ነው። ባልደረቦቹም በዝናው ምክንያት ቶሎ አልጠየቁትም። ስህተት በእሱ የተጀመረ አይደለም፤ ማንም ይሳሳታል። ጉዳቱ የመጣው ስህተቱ ሳይፈተሽ ክትባት ሆኖ ወደ ሰው ክንድ በመግባቱ ነው።

ቢጫ ወባ በእኛ አገር

ይህ ሩቅ ታሪክ ነው እንዳትሉ። ከ1960 እስከ 1962 በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ በኦሞ ወንዝ ተፋሰስና በአካባቢው የደረሰው የቢጫ ወባ ወረርሽኝ በአፍሪካ ከታወቁት ሁሉ የከፋው ነው። 100,000 ያህል ሰው ታሞ 30,000 ያህሉ እንደሞተ ይገመታል። በአዲስ አበባ የነበረው የፓስተር ተቋም ባለሙያዎች ሲያጠኑት አንድ የሚገርም ነገር ተገኘ። በሽታውን ካስተላለፉት ትንኞች ዋናዋ የምትራባው በእንሰትና በጎደሬ ቅጠል እቅፍ ውስጥ በሚቋጠረው ውኃ ነበር። እንሰት! ቆጮአችን፣ ቡላችን፣ ምንጣፋችን፣ ጥላችን የሆነው እንሰት። በሀዲያና በከምባታ ጓሮው እንሰት ያልሆነ ገበሬ ማን አለ? እንሰትን ልንጠላ አይደለም፤ ማወቅ ግን አለብን። በ2018 በወላይታ፣ በ2020 ደግሞ በጎረቤታችን በጉራጌ ዞን ቢጫ ወባ ተከስቶ ክትባት ተሰጥቷል።

የተሰጠው ክትባት የኖጉቺ አይደለም። ስህተቱን ካሳዩት አንዱ የሆነው ማክስ ታይለር በ1937 ያስገኘው ነው፤ ታይለር በዚህ ሥራው በ1951 ኖቤል ተሸልሟል። አንድ ጊዜ የተከተበ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ለዕድሜ ልኩ ይጠበቃል። እስቲ አስቡት፤ ሁሉም ሰው የኖጉቺን ስም አክብሮ ዝም ቢል ኖሮ ለወላይታና ለጉራጌ ሰው ምን ይሰጠው ነበር?

የራሴ ነገር

ሰውን እንዲህ ስተች የራሴን ሳልናገር ብቀር ነውር ይሆንብኛል። ባለፈው ዓመት ለተግባር ልምምድ አንድ ጤና ጣቢያ ወጥቼ ነበር። ሰልፉ ረጅም ነው፣ ሰዓቱ ረፍዷል፣ እኔም ደክሞኛል። የስምንት ወር ሕፃን የታቀፈች እናት ስትደርስ ትንፋሿን አንድ ደቂቃ ሙሉ መቁጠር ሲገባኝ እንዲሁ አየት አድርጌ ካርዱ ላይ 36 ብዬ ጻፍኩ። ቁጥሩ ቆንጆ ነው፤ ጤነኛ ነው። አንዲት ሲስተር ግን ካርዱን አንሥታ፣ ሕፃኗን አየችና ልብሷን ገልጣ ሰዓቷን ይዛ ቆጠረች። 58 ነበር። በዚያ ዕድሜ 50ና ከዚያ በላይ ከሆነ ፈጣን አተነፋፈስ እንደሚባል ሁላችንም እናውቃለን። ሳንባ ምች ነበር። ሕፃኗ መድኃኒት ጀመረች፣ ከቀናት በኋላም ለክትትል ስትመጣ ተሽሏት አየኋት። ሲስተር አልጮኸችብኝም። ካርዱን ሰጠችኝና ቁጥሩን እንዳስተካክል ብቻ ነገረችኝ። ያ ዝምታዋ እስከ ዛሬ ያመኛል።

ጃፓን ዛሬ ሕዝቧ ረጅም ዕድሜ ከሚኖርባቸው የዓለም አገሮች ግንባር ቀደም ናት፤ አማካይ ዕድሜያቸው 84 ዓመት ገደማ ነው። በሺካ ዘመን ግን ኮሌራና ሳንባ ነቀርሳ የሚፈጃት፣ ሕፃን የሚረግፍባት አገር ነበረች። ከለወጧት ነገሮች አንዷ ትንሽ ደብተር ናት። ከ1948 ጀምሮ እያንዳንዷ ነፍሰ ጡር እናት የእሷንና የልጇን ጤና የሚመዘግብ ደብተር ይሰጣታል፤ ክብደቱ፣ ክትባቱ፣ ሁሉም እዚያ ይጻፋል። ይህ አሠራር ወደ ሌሎች አገሮችም ተዳርሷል። ግን ደብተሩ የሚያድነው የሚጽፈው እጅ እውነት ከጻፈ ብቻ ነው። እኔ ያን ቀን የጻፍኩት 36 ከኖጉቺ ክትባት በምን ይለያል? ሁለቱም ሰውን ያለ ሥጋት ወደ ቤቱ የሚሸኙ ናቸው።

ለማጠቃለል ያህል

የኖጉቺ ስም አልጠፋም። ጋና ውስጥ ከ1979 ጀምሮ በስሙ የተሰየመ የሕክምና ምርምር ተቋም አለ። የጃፓን ጠቅላይ ሚኒስትር የነበሩት ኮይዙሚም በ2006 ኢትዮጵያንና ጋናን በጎበኙበት ጉዞ ወቅት በአፍሪካ ጤና ላይ ለሚሠሩ ሰዎች በስሙ ሽልማት እንዲቋቋም ሐሳብ አቅርበው ተቋቁሟል። ምስሉ ከ2004 ጀምሮ በአንድ ሺህ የን ላይ ነበር፤ በ2024 በወጣው አዲስ ገንዘብ ግን በእሱ ቦታ የገባው ኪታሳቶ ነው፣ ያ የተቋሙ መሪ የነበረው። የአጎቴ ወረቀት አሮጌ ሆነች ማለት ነው። እሱ ግን አሁንም ከመጽሐፍ ቅዱሱ ውስጥ አላወጣትም።

እኔ ኖጉቺን እወደዋለሁ። የምወደው ስላልተሳሳተ አይደለም። እጁን ለሰው ያሳየበት ቀን መዋጮ መጣለት፣ ዳነም። ስህተቱንም እንደ እጁ ቀድሞ ለሰው ቢያሳየው ኖሮ እላለሁ። ወዳጆቼ፣ የጻፍነውን ቁጥር ጓደኛ ደግሞ ይቁጠርብን፤ መምህር ይጠይቀን፤ ሲስተር ልብሱን ገልጣ ትይብን። ቅር አይበለን። በአንድ እጅ አይጨበጨብም።

የወንድሜን ነገር ሳልነግራችሁ አልጨርስም። የተኮማተረ ጠባሳ በቀዶ ሕክምና ሊፈታ እንደሚችል እዚህ ከተማርኩ በኋላ፣ ባለፈው ያሆዴ ቤተሰቡ ሁሉ በተሰበሰበበት ያን ቀን ሕፃኑን ትቼ ወደ ጓሮ መሄዴን ለመጀመሪያ ጊዜ አፍ አውጥቼ ተናገርኩ። አባቴ ለረጅም ጊዜ ምድጃውን ሲያይ ቆየ። ከዚያ ተነሥቶ የአጎቴን ባርኔጣ ወሰደና በመጀመሪያ የራሱን ብር ጣለበት። ባርኔጣው ቤቱን ዞረ። የእድሩም ሰዎች ጨምረውበታል። ቀጠሮው ከአዝመራ በኋላ ነው። ጣቶቹ ምን ያህል እንደሚዘረጉ ሐኪሙ አስቀድሞ ቃል አልገባልንም፤ ይህን በማድረጉም ይበልጥ አመንኩት። ወንድሜ ግን ከአሁኑ በቀኝ እጄ ምን ልጽፍ ነው እያለ ይጨነቃል። ምድጃችን ዙሪያም አባቴ ከፍ ያለ የእንጨት አጥር ሠርቷል፤ የታናሽ እህቴ ልጅ ዳዴ ማለት ጀምሯላ!

ሰላም ሁኑ፣ ቸር ያገናኘን።